የአይረን ክኒኑን ትቼ በጤፍና በቀይ ሥር ልተካው?

ጥያቄ፦ «በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ ዓመት ከሰባት ወሩ ሲሆን እስካሁን ማታና ሌሊት ይጠባል። ጤና ጣቢያ የሰጡኝ የአይረን ክኒን ስለሚያቅለሸልሸኝ፣ ሆዴን ስላደረቀኝና ሰገራዬን ስላጠቆረው ከሦስት ሳምንት በፊት ተውኩት። አማቴ ክኒኑ ልጁን ያወፍረዋል፣ ምጥ ይጠናብሻል፤ የጤፍ እንጀራና ቀይ ሥር ይበቃሻል ይሉኛል። ጎመንና ወተትም ጽንሱ ላይ ይለጠፋል ብለው ከልክለውኛል። በመጨረሻው ምርመራ ሄሞግሎቢኔ 11.2 ነው ተብያለሁ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ እጠጣለሁ። የምሠራው ልብስ ፋብሪካ ስለሆነ ሰርቪስ ለመያዝ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። ዐቢይ ጾምም እየገባ ነው። ክኒኑን በምግብ መተካት እችላለሁ? ልጄንስ ጡት ላስጥለው?»

ምላሽ፦ ክኒኑን በምግብ መተካት አይችሉም፤ ከዛሬ ማታ ጀምረው መልሰው ይውሰዱት። ልጅዎን በእርግዝናው ምክንያት ብቻ ጡት ማስጣልም አያስፈልግዎትም። ምክንያቱ ያልተነገረበትን ምክር ሌላ ሰው በቀላሉ ስለሚያስለውጠው፣ ምክንያቶቹን ዘርዘር አድርጌ አስረዳለሁ። አስቸኳዩ ጉዳይ የክኒኑ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

በእርግዝና ወቅት የእናቲቱ ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል። አብዛኛውን ጭማሪ የሚይዘው ግን ፈሳሹ ክፍል እንጂ ቀይ የደም ሕዋስ አይደለም፤ በዚህም የተነሳ ደሙ ውሃ እንደበዛበት ወጥ መጠኑ በዝቶ ይቀጥናል። ይህ በራሱ ጤናማ ለውጥ ነው። ችግር የሚመጣው አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት (አይረን) ሲያንስ ነው። ለጽንሱ፣ ለእንግዴ ልጁ፣ ለእናቲቱ ተጨማሪ ደምና በወሊድ ጊዜ ለሚፈሰው ደም ሁሉ ሲደመር አንድ እርግዝና 1,000 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ የሚፈለገው በሁለተኛው የእርግዝና አጋማሽ ነው፤ እርስዎ ክኒኑን ያቆሙት ፍላጎቱ መናር በሚጀምርበት በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

በእርስዎ ላይ ደግሞ ሌላ ጫና አለ። የአሁኑ እርግዝና የተጀመረው የመጀመሪያው ልጅዎ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ እስከ ቀጣዩ ጽንስ ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ የሚመክረው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ የእናቲቱ የብረትና የሌሎች ንጥረ ነገሮች ክምችት መልሶ እስኪሞላ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ይህን የማነሳው ለወቀሳ ሳይሆን፣ ሌላዋ እናት ክኒን ሳትውጥ በሰላም ወለደች ቢባልም የእርስዎ ሁኔታ ከእርሷ ጋር እንደማይወዳደር ለማስረዳት ነው። የደም ማነስ ሲጠና ያለ ጊዜው የመውለድና ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ ከሁሉም በላይ ግን በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስ ሌላዋ እናት የምትቋቋመውን መጠን እርስዎ ላይቋቋሙት ይችላሉ።

ክኒኑ ልጁን ያወፍራል የሚለው ስሕተት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን ሲሰጥ የቆየው ክኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ ሥጋ የሚያበዛ ኃይል ሰጪ ነገር በውስጡ የለም። የሚያደርገው ደም መሥራት ነው። የሰገራው መጥቆርም አንጀት ሳይመጠው ከቀረው ብረት የሚመጣ እንጂ የጉዳት ምልክት አይደለም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ከብርቱ የሆድ ሕመም ጋር ከመጣ ግን የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ይገባል።

አሁን ወደ ጤፉና ወደ ቀይ ሥሩ እንምጣ። ጤፍ ብረት አለው መባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ላይ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር በከፊል የሚመጣው ጤፉ አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር ነው፤ የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ብረት ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሙያ ይረዳናል፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቅጡ የቦካ እንጀራ ሳይቦካ ተቻኩሎ ከተጋገረው ይሻላል። እንዲህም ሆኖ በዋናነት ከእህልና ከአትክልት ከሚገኘው ብረት ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቀይ ሥር ደግሞ ጥሩ አትክልት ቢሆንም መቶ ግራሙ ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ቀለሙ ደም ስለሚመስል ደም ይተካል ማለት አይደለም። ጠቆር ያለውን የብቅል ለስላሳ መጠጥ «ደም ይሞላል» ብለው ለሚገዙም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለምስርና ለእንቁላል ቢውል እጅግ ይሻላል፤ የተቀቀለ ምስር በመቶ ግራም 3 ሚሊግራም ያህል ብረት አለው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከሁሉም በተሻለ የሚመጠጥ ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጥቂት ሥጋ ወጡ ውስጥ ቢገባ እንኳ ከሽሮው ወይም ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ጭምር ሰውነት አብልጦ እንዲወስድ ያግዛል።

ከምግቡ ይልቅ በእርስዎ ላይ ብዙ ጉዳት እያደረሰ ያለው የቡናው ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና ከዚያ ምግብ ሊገኝ የሚችለውን ብረት 40 በመቶ ገደማ ሊያሳጣ እንደሚችል፣ ሻይ ደግሞ ከዚያም እንደሚብስ በጥናት ታይቷል። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ቡናው ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣም ጉዳቱ ያው ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን በብረቱ ላይ ተጽዕኖ አላሳየም። የእኛ ልማድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ገበታው ሳይነሣ ጀበናው ይጣዳል። ስለዚህ ቡናውን ጨርሰው ይተዉ አልልዎትም፤ ምግብ ከመብላትዎ አንድ ሰዓት አስቀድመው ወይም ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠጡት። መጠኑንም ይቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል፤ በርካታ የሕክምና ማኅበራት ደግሞ ጣሪያውን 200 ላይ ያደርጉታል። የስኒው ስፋትና የቡናው ውፍረት ከቤት ቤት ስለሚለያይ ምክሬን በስኒ ልንገርዎ፦ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለው አቦሉንና ቶናውን ይጠጡ፤ በረካውን ለጎረቤት ይተዉት።

ክኒኑን ከሥራዎ ጋር ለማስማማት የሚከተለውን ያድርጉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ውጠው ሰርቪስ ላይ መሳፈር ማቅለሽለሹን እንደሚያብሰው ጥርጥር የለውም። ስለዚህ ወደ ማታ ያዙሩት። እራትዎን ምሽት 1 ሰዓት ከበሉ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለመኝታ ሲዘጋጁ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ወይም ከብርቱካን ጋር ይዋጡት፤ በሎሚና በብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ይረዳል። በወተት፣ በሻይ ወይም በቡና አይዋጡት። ካልሲየም የታዘዘልዎ ከሆነም ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ይውሰዱ። ባዶ ሆድ ካስቸገረዎ አንድ ቁራሽ ዳቦ ወይም ግማሽ ሙዝ ይቅመሱበት፤ የሚመጠጠው መጠን ትንሽ ቢቀንስም ጭራሽ ካለመውሰድ በብዙ ይሻላል። ለሆድ ድርቀቱ በቂ ውሃ፣ ጎመን፣ የበሰለ ፓፓያና በእግር መንቀሳቀስ ይረዳል። ይህን ሁሉ አድርገው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ አይተዉት፤ ክትትል የምታደርግልዎትን ሚድዋይፍ ሌላ ዓይነት ክኒን ወይም ሌላ የአወሳሰድ መንገድ ይጠይቋት። ከፋርማሲ ሌላ «የእርጉዝ ቫይታሚን» ገዝተው በላዩ ላይ አይደርቡ፤ ብረቱ ሊደራረብ፣ ቫይታሚን ኤውም ለጽንሱ ከሚፈቀደው ሊያልፍ ይችላል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ አለኝ። ዓመት ከሰባት ወር የሆነው ልጅ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ቦርሳ ይከፍታል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። የአይረን ክኒን ከረሜላ ይመስላል፤ ጥቂት ፍሬዎች ደግሞ ሕፃን ልጅን ሊገድሉ ይችላሉ። ትራስ ሥር፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ወይም ቴሌቪዥኑ አጠገብ አያስቀምጡት፤ የሚቆለፍ ወይም እጁ ፈጽሞ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ልጁ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ስለ ሄሞግሎቢንዎ፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክሲጅን ስለሚሸከመው ነገር፦ 11.2 ሲባል ለነፍሰ ጡር የደም ማነስ ድንበር ከሚባለው ከ11 ስለሚበልጥ ደህና ነኝ ብለው ሳይረጋጉ አልቀሩም። ያ መለኪያ የተቀመጠው በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በከፍታ ቦታ ኦክሲጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ የተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ከተገኘው ቁጥር ላይ ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ እንዲታይ ይመክራል። በዚህ ስሌት የእርስዎ ውጤት 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ ይህም የደም ማነስ ነው። እርግጥ በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ሰዎች የተደረገ ጥናት የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን በደቡብ አሜሪካ ተራሮች እንደሚኖሩት እንደማይጨምር ስላሳየ፣ ቅነሳው በእኛ ላይ ምን ያህል በትክክል እንደሚሠራ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ለእርስዎ ግን ክርክሩ ውሳኔውን አይለውጠውም፤ በየትኛውም ስሌት ቢሆን ክኒን ለማቆም የሚያበቃ ቁጥር አይደለም። የደም ማነሱ ከተረጋገጠ የሚታዘዘው መጠን በቀን 120 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል፤ ያንን ግን ባለሙያ ይዘዘው እንጂ በራስዎ ሁለት ሁለት አይዋጡ።

ትንሽ ልጅ ለመውለድ ብሎ ምግብ መቀነስ በብዙ ቤት ያለ ልማድ ነው፤ የሚመነጨውም ከክፋት ሳይሆን ሐኪም በሌለበት ዘመን ምጥ የጠናባቸውን ሴቶች ከማየት ነው። አማትዎን ሲያስረዱ ይህን ቢያከብሩላቸው መልካም ነው። ነገር ግን ምጥ የሚጠናው በአብዛኛው በልጁ አመጣጥ፣ በዳሌው ስፋትና በማሕፀኑ ጉልበት ነው። የተራበች እናት የምትወልደው ልጅ ከ2.5 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ለብርድ፣ ለኢንፌክሽንና ለጡት አጠባብ ችግር ይጋለጣል፤ እናቲቱም ለምጡ የሚሆን አቅም ታጣለች። ልጅ ከልክ በላይ የሚገዝፈው በተለይ እናቲቱ የስኳር ሕመም ሲኖርባት ወይም ክብደቷ ከመጠን በላይ ሲሆን ነው፤ ስኳር አለብዎት ተብለው ከሆነ የምግቡን ነገር ከሐኪምዎ ጋር ለብቻው መነጋገር አለብዎት፤ ከዚህ በታች የምለው ለእርስዎ እንዳለ አይሠራም።

ከእርግዝናው በፊት መካከለኛ ክብደት የነበራት ሴት በዘጠኙ ወር ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ተገቢ ነው። በአገራችን ለነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ ለምታጠባ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ይመከራል። እርስዎ ነፍሰ ጡርም አጥቢም ስለሆኑ ለምታጠባ የተባለውን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ይያዙ። «ለሁለት ሰው ብዪ» ማለት ግን ሳህኑን እጥፍ ማድረግ አይደለም። ንጋት ሳይበሉ የሚወጡ ከሆነ ሰርቪስ ላይ የሚበላ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ወይም በሶ ይያዙ፤ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ በሚኖርዎ ዕረፍት አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ከሙዝ ጋር፣ ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ እራት እስኪደርስ አጥሚት ወይም የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ይጨምሩ። ምሳ ዕቃዎ ውስጥ ሽሮው ብቻውን አይሁን፤ ጎመን፣ ከተገኘም ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ይኑርበት። እንቁላል ውድ መሆኑን አውቃለሁ። በብዙ ቤት የተገኘችው እንቁላል ቀድማ ለባልና ለልጅ እንደምትቀርብም አውቃለሁ፤ በእነዚህ ወራት ግን ከቤቱ አንዲት እንቁላል ካለች የእርስዎ ናት፤ ባለቤትዎም ይህን አንቀጽ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የክንድዎን ዙሪያ በመለኪያ ሜትሩ ያስለኩ፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት አለ ማለት ስለሆነ ያለው ድጋፍ ምን እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ጎመንና ወተት ጽንሱ ላይ ይለጠፋል የሚባለው የመጣው ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ ከሚታየው ነጭ ቅባት ሳይሆን አይቀርም። ያንን ቅባት የሚሠራው የጽንሱ የራሱ ቆዳ ነው፤ እናቲቱ ወተት ብትጠጣም ባትጠጣም ይኖራል፤ ሥራውም ጽንሱ በሽርት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቆዳውን መጠበቅ ነው። የበላችው ምግብ ወደ ማሕፀን አይገባም፤ በአንጀት ተፈጭቶ ንጥረ ነገሩ ብቻ በደም በኩል ያልፋል። ጎመን ፎሌት ስላለው፣ ወተትና አይብ ካልሲየም ስላላቸው ሁለቱንም ይብሉ። ካልሲየም በምግባቸው በሚያንስባቸው ሴቶች ዘንድ ተጨማሪ መውሰድ በእርግዝና የሚመጣውን አደገኛ የደም ግፊት እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ እርጎና አይብን የሚከለክል ምክር ስለዚህ ቀላል ጉዳት አያደርስም። ወተቱ ግን የፈላ ይሁን፤ ከከብት አርቢ ጎረቤት የሚመጣ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ያስተላልፋል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እስኪወልዱ ይቅርብዎት። ኮሶ ታየኝ ብለው የኮሶ አበባ አይጠጡ፤ ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል፤ ጤና ጣቢያው ለእርግዝና የሚሆን መድኃኒት አለው። ጨው በአዮዲን የበለጸገው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። አፈር ወይም ግድግዳ መላስ ካማረዎ ደግሞ ተራ አምሮት ነው ብለው አይለፉት፤ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነውና ለሚድዋይፏ ይንገሯት።

ስለ ጾሙ ግልጽ አቋሜን እናገራለሁ፦ በዚህ ዓመት አይጹሙ። ነፍሰ ጡር ሴት እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ስትውል የደም ስኳሯ ካላረገዘችው ፈጥኖ ይወርዳል፤ በፋብሪካ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ መፍዘዝና መውደቅ ነው። በ55ቱ ቀን የእንስሳት ተዋጽኦ ሲቀር ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ የሚገኝበት በር ይዘጋል፤ ይህ ቫይታሚን በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፤ ጉድለቱም በጡት ወተት በኩል ልጁን ይደርሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን በጾም ሕግ አታስጨንቅም፤ ልብዎ እንዲያርፍ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ከዚህ በኋላም ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከልን ከመረጡ ቢያንስ ሰዓት አይጠብቁ፤ ጥራጥሬና እህል አደባልቀው ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ስለ ቢ12 ደግሞ ሐኪም ይጠይቁ።

ወደ ልጅዎ ጡት ልመለስ። የእርግዝና ወተት ተበላሽቷል፣ ልጁን ያስቀምጠዋል የሚባለው እውነት አይደለም። ጤናማ በሆነ እርግዝና ማጥባት ጽንሱን አያስወርድም። ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የወለዱ፣ በዚህ እርግዝና ደም ያዩ ወይም መንታ ያረገዙ ከሆነ ግን ሐኪምዎ ማጥባቱን እንዲያቆሙ ሊመክርዎ ይችላል። ወተቱ ከአምስተኛው ወር ወዲህ በተፈጥሮ እየቀነሰ ወደ እንገር ስለሚለወጥ፣ ልጁ ራሱ ሊተወው ይችላል። በዚህ ዕድሜው ዋና ምግቡ ከገበታ መሆን ስላለበት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንቁላል፣ ምስር፣ አትክልትና ዘይት ያለበት ወፍራም ምግብ ይብላ። ማስጣል ከፈለጉም ከወሊዱ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብለው፣ ከሌሊቱ አንዱን ጊዜ እየቀነሱ ቀስ በቀስ ያድርጉት፤ ጡት ላይ እሬት ቀብቶ በአንድ ሌሊት ማስጣል ልጁን ይጎዳዋል።

አዲሱ ልጅ ሲወለድ እንገሩ ተጨልፎ እንዳይደፋ፣ ቅቤም ሆነ ስኳር በውሃ እንዳይቀምስ ከአሁኑ ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙ፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ገንፎውና አጥሚቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቅቤ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን እንቁላል፣ ጥራጥሬና ጎመን ይከተለው። ወተት የሚያበዛው ደጋግሞ ማጥባት ነው፤ ጠላ ያበዛል የሚባለውን አይመኑ፤ አልኮል እንዲያውም ወተቱ እንዳይወርድ ያደርጋል። የሥራ ፈቃዱንም ከአሁኑ ያስቡበት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል።

ቁጭ ብለው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ በኃይል ከመታ፣ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ደም ከታየ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ውሃ እንኳ የማይረጋልዎ ከሆነ የክትትል ቀንዎን አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱና ለሦስት ሳምንት እንዳልወሰዱት ይናገሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢንዎን እንደገና ያስለኩ፤ ክኒኑ በትክክል ከተዋጠ ቁጥሩ ቢያንስ በ1 ግራም ከፍ ማለት አለበት። ካላለ የአንጀት ትል፣ የቢ12 እጥረት ወይም ሌላ የደም ችግር እንዳለ መመርመር ይገባል። በዚያን ጊዜ ያልዋጧቸው ቀናት ካሉ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ካልተናገሩ ያልወሰዱት መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ የማያስፈልግ ምርመራ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ሊታዘዝልዎ ይችላል።